የጋሮቭ ጾም

ስታኒያ ለራሷ ጾም ያን ያህል አትጨነቅም፤ ለውሻዋ ለጋሮቭ ጾም ግን ልቧ ተሰቅሎ አደረ። ጋሮቭ አንገቱ ላይ የወጣበት እብጠት እንቁላል አክሏል። የእንስሳት ሐኪሟ ራድሚላ ዛሬ በመርፌ አስተኝታ ልታወጣለት ነው፤ «ከማታ ጀምሮ እህል እንዳይቀምስ» ብላለች።

ክፋቱ፣ ዕለቱ ጊዮርጊስ ነው፤ የስታኒያ ቤት ስላቫ፣ የቤተሰቡ ጠባቂ ቅዱስ በዓል። በስላቫ ቀን ደጅ የረገጠ ሁሉ ሳይበላ አይወጣም። ገና በጠዋቱ ግቢው በእንግዳ ሞላ። ስታኒያ ጋሮቭን ከፕሪም ዛፉ አስራ፣ «እህል የሰጠው ሰው ወዮለት!» ብላ ዛተች።

ራድሚላ መጥታ ውሻውን መዘነች፣ ልቡን አዳመጠች። መርፌውን ከማንሳቷ በፊት ግን፣

«እትዬ ስታኒያ፣ እውነት ምንም አልቀመሰም?» አለች።

«ጊዮርጊስን!»

«ደግ። ሆዱ ሙሉ ከሆነ ተኝቶ ሳለ ያስመልሰዋል፤ ምግቡ ሳንባው ገብቶ ይገድለዋል።»

የስታኒያ ጎረቤት ራዶዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንዲት ሥጋ የተጠቀለለባት ጎመን ናት የሰጠሁት… ትንሽዬ።»

«አንተ ሽማግሌ!» አለች ስታኒያ።

«ዓይኑን አላየሽም? እናቱ የሞተችበት እኮ ነው የሚመስለው!»

ምራቷ ቬሪትሳ ፊቷን በመሐረብ ሸፈነች። «እኔም… የጥብሱን ቆዳ።»

በመጨረሻ ቄሱ አባ ኔስቶር ጺማቸውን እያሻሹ፣ «የእኔስ የተባረከ ዳቦ ነው፣ ልጄ» አሉ።

«አባ፣ የተባረከም ዳቦ ያንቃል!» አለች ራድሚላ።

«ጉድ ነው! ዛሬስ የመንደሩ ንስሐ አባት ውሻዬ ሆነ!»

ሳቁ ግቢውን አናወጠው። ስታኒያም አብራ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ጋሮቭን እቅፍ አደረገችው። ሐኪሟ ሳትጠይቅ ወግታው ቢሆንስ?

ራድሚላ መርፌዋን ከተተች። «ለነገ ጠዋት እናቆየው። እኔም እዚሁ አድራለሁ።»

«ታዲያ ብሊ እንጂ!» ብለው እንግዶቹ ጎትተው ወደ ማዕዱ አቀረቧት። ስታኒያ ጋሮቭን መኝታ ቤቷ ቆልፋበት፣ ቁልፉን ደረቷ ውስጥ ወሸቀችው።

በማግስቱ ራድሚላ የፊት እግሩ ደም ሥር ውስጥ ቀጭን ቱቦ አስገብታ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ፣ ጨዋ ሰው አረቄ እንደሚጎነጭ፣ እያየች ሰጠችው። ጋሮቭ ዓይኑን ሳይከድን ተዘረረ።

«ሞተብኝ!»

«አልሞተም፣ እትዬ፤ ይህ መድኃኒት ዓይን አያስጨፍንም። እጅዎን ደረቱ ላይ ያድርጉ።»

ደረቱ ከፍ፣ ዝቅ ይላል። ድዱም ቀላ ብሏል፤ ደህና ነው። ራድሚላ ዓይኑ እንዳይደርቅ ቅባት ቀባችውና ሥራዋን ጀመረች። እብጠቱ ወጥቶ ቁስሉ ተሰፍቶ እስኪያልቅ ስታኒያ እጇን አላነሳችም።

ጋሮቭ ሲነቃ ልቁም አለ፤ አራቱ እግሮቹ ወደ አራት አቅጣጫ ሄዱ።

ራዶዬ ከአጥር ማዶ አንገቱን አስግጎ፣ «አሁንስ ይብላ?» አለ።

«ገና ነው!» አለች ስታኒያ፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም። «መጀመሪያ በእግሩ ይቁም!»