ለቀያሹ መኪና ሌላ ሞተር

ከመኪና ሥር ወገቤን ይዤ በወጣሁ ቁጥር የምለው አንድ ነገር ነው፤ «ይሄ የመጨረሻዬ ነው።» ባለቤቴ ሰምታ ሰምታ ሰልችቷታል። አሁን ግን የእውነቴን ነበር። ከከተማው ወዲያ ጫፍ ያለ የጭነት መኪናዎች ድርጅት የጥገና ተቆጣጣሪ አድርጎ ሊወስደኝ ፈልጓል። ወንበር አለው፣ ጠረጴዛ አለው፣ ጀርባዬ ሲሚንቶ ላይ አይነጠፍም። እስከ ቅዳሜ ቁርጥህን አሳውቀን ብለውኛል። የቀረኝ ለጋሼ መንገር ብቻ ነው።

ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው። አባታችን ሲሞት እኔ ገና በቁምጣ የምሮጥ ነበርኩ። ያሳደገኝ እሱ፣ ቁልፍ አያያዝ ያስተማረኝ እሱ፣ የዳረኝም እሱ ነው። ጋራዡ የሁለታችን ነው ይባላል እንጂ የእሱ ነው። «ሂድ፣ ይቅናህ» ሳይለኝ እግሬን ከዚያ ግቢ ብነቅል ዕድሜ ልኬን እንቅልፍ አይወስደኝም። ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ፤ የፈለግኩት ያቺን ቃል ነው።

በምን በኩል እንደምጀምርለት ሳወጣ ሳወርድ፣ ቀያሹ ያንን ጉድ አስጎትተው ይዘውልን መጡ።

ቀያሹ የመሬት መለኪያቸውን ተሸክመው ገደል ለገደል ሲዞሩ የኖሩ፣ ጡረታቸው የደረሰ ሰው ናቸው። መኪናቸው አራቱም እግሯ የሚጎትት፣ አንዱ በሯ በገመድ የሚታሰር አሮጊት ናት። የቤንዚን ሞተሯ አልቆለት ጭስ ብቻ ቀርቶታል። ከተገለበጠ ፒክአፕ የተፈታ የናፍጣ ሞተር ከኋላ ጭነው፣ አምፖል የምንቀይርላቸው ይመስል «ይቺን ግጠሙልኝ» አሉ።

«ይገጥማል?» አልኳቸው።

«ለክቼዋለሁ» አሉ፤ ኮራ ብለው።

ጋሼ ሞተሩን አንዴ ዞሮት አየና ከት ብሎ ሳቀ። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል! አውርዱት።»

ወይ እዳ ከሜዳ! እኔን «ምን ይመስልሃል?» ያለኝ የለም። አውርዱት ተባለ፣ አወረድን።

መለካቱንስ ለክተው ነበር። የለኩት ግን ርዝመቱን ብቻ ነው። የሞተሩ የዘይት ቋት ወርዶ የፊት አክስሉ ላይ ይቀመጣል። ሞተሩ የሚታሰርባቸው እግሮች ከሻንሲው ጋር አይተዋወቁም። ማራገቢያው ራዲያተሩን ይፍቃል። ስናስገባ፣ ስናወጣ፣ ስንቆርጥ፣ ስንበይድ ሳምንቱ አለቀ። ሞተር አንዴ ሲገባ ደስ ይላል፤ እሱኑ መልሶ ማውጣት ግን ነፍስ ያወጣል። ቤቴ ስገባ ጫማዬን የምትፈታልኝ ባለቤቴ ነበረች፤ መጎንበሱ አቅቶኝ።

መጀመሪያ የነገርኩት ጋሼ የሞተሩን እግር በሞረድ ሲያስተካክል ነው። እኛ ቤት ለታላቅ የሚነገር ከባድ ነገር ዓይን ለዓይን እየተያዩ አይነገርም። አንገት ተደፍቶ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው። እኔም እንደወጉ ከኋላው ቆሜ፣ መሬት መሬት እያየሁ፣ «ጋሼ፣ ሥራ አግኝቼ ነበር። ፈቃድህ ከሆነ ልሄድ ነው» አልኩት።

ቀና እንኳን አላለም። ሲሞርድ ሲሞርድ ቆየና፣ «ያቺን መዶሻ አቀብለኝ» አለ።

አቀበልኩት። ምን ላድርግ? ጋሼ ሲከፋው እንደ ሌላ ሰው አይቆጣም፣ ዝም ነው የሚለው። አንድ ጊዜ ሚስቱን ተቀይሞ ክረምቱን ሙሉ ከደህና ዋልሽ በቀር ቃል አልወጣውም። ስለዚህ ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ።

በማግስቱ ሻይ ስንጠጣ ደገምኩለት። ኮምፕሬሰሩ በጎን ያጓራል፣ እኔ ብርጭቆዬን አቀርቅሬ እያየሁ እናገራለሁ። ልጆቼን አነሳሁበት፣ ወገቤን አነሳሁበት፣ «አንተን መጣሌ አይደለም» አልኩት። ጋሼ ሻዩን ጨልጦ ተነሳና ቀያሹ የራዲያተሩን ቱቦ ገዝተው እንደሆነ ጠየቀኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ!

«ዝም ማለቱ ራሱ መልስ ነው» አለች ባለቤቴ ማታ። «አልፈቀደም። እስከ መቼ ትለማመጠዋለህ?»

«ሦስተኛ እነግረዋለሁ» አልኩ።

ሦስተኛውን ሳልነግረው ቀረሁ፤ ሞተሩ ጣቴን ሊበላኝ ነበርና። ሞተሩን በሰንሰለት አንጠልጥለነዋል። ጋሼ ከላይ እያወረደ ነው፣ እኔ ከሥር ተጋድሜ ከካምቢዮው ጋር አፍ ለአፍ አገጥማለሁ። አንዱ ብሎን ጠምሞ ያዘብኝ። «ቁም!» አልኩ። ሰንሰለቱ ቀጠለ። «ኧረ ቁም ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ። ያ ሁሉ ብረት እየወረደ መጣ። እጄን ነጥቄ ሳወጣ የመሃል ጣቴ ቆዳ እዚያው ቀረ።

ሌላ ሰው ቢሆን ዘር ማንዘሩን ነበር የማወርድለት። ተንፏቅቄ ወጣሁና ደም የሚያንጠባጥበውን እጄን ይዤ ፊቱ ቆምኩ። ጋሼ ደሙን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። መሐረቡን አውጥቶ ጣቴን ጠመጠመልኝ።

«ለምን አትናገርም?» ብሎ ጮኸብኝ። «ለምን ዝም ትላለህ?»

«ጮኼያለሁ እኮ» አልኩ ጥርሴን ነክሼ፣ ወደ መሬት። መሐረቡን አጥብቆ ቋጠረው። እንዲህ ያለ ሰው አለ? ገድሎኝ ሲያበቃ ለምን አልጮህክም ይለኛል! በልቤ፣ ሆን ብሎ ነው አልኩ። ልሄድ ነው ስላልኩት በብረት ሊያስከፍለኝ ነው አልኩ። ይህን ያህል ክፉ ነገር ስለ ጋሼ አስቤ አላውቅም ነበር። ያን ዕለት ግን አሰብኩ፣ አምኜም አደርኩ።

ዓርብ ዕለት አለቀ። የናፍጣውን መስመር አየር አስወጣን፣ ውሃ ሞላን፣ ቀያሹ ቁልፉን ያዙ። ማስነሻው ሞተሪኖ ደጋግሞ አለከለከ። እምቢ አለ። እንደገና። ድንገት ግቢውን በጥቁር ጭስ ሞላውና ተነሳ። ቀያሹ ከመሪያቸው ላይ ሆነው «እሰይ! እሰይ!» ሲሉ እንባ መጣባቸው። ጋሼ መዳፉን የመኪናይቱ ግንባር ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ፤ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ደስ አላለኝም። ደክሞኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ እንደተኮረፍኩ ነበርኩ።

ጋሼ እጁን ሊታጠብ ወደ በርሜሉ ሄደ። ጀርባውን ሰጥቶናል። ቀያሹ ቁልፉን አዞሩ፣ ሞተሩ ጠፋ። ግቢው ጭር አለ፤ የጣራው ቆርቆሮ ላይ የሚራመዱት ወፎች ሳይቀሩ ይሰማሉ።

«እንዳያጠፉት!» አለ ጋሼ እጁን እያሸ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ትንሽ ይሥራ፣ ዘይቱ ይዙር!»

ቀያሹ አዩኝ። አየኋቸው።

«ነዳጅ ጨመር ያድርጉለት» አለ ጋሼ። «አዎ፣ እንደዚያ። እንደዚያ ይቆይ።»

አሁን በእርግጥ ገባኝ። ስልክ በተደወለ ቁጥር «አንተ አናግር» የሚለኝ ትዝ አለኝ፤ ስንፍና ይመስለኝ ነበር። ሰው ሲያናግረው አፍ አፉን ማየቱ ትዝ አለኝ። እኔ ደግሞ አንገቴን ደፍቼ፣ ከኋላው ቆሜ፣ ለጀርባው ስሾካሾክ ሰነበትኩ። ተናደድኩ። በእሱ ይሁን በራሴ እንጃ።

ሄጄ ትከሻውን ይዤ አዞርኩት። በሕይወቴ ጋሼን እንደዚያ ነክቼው አላውቅም።

«ጠፍቷል እኮ!» አልኩት ፊት ለፊት። «ሞተሩ ከጠፋ ቆይቷል!»

ከንፈሬን አየ። ከዚያ ቀያሹን አየ፣ ቁልፉን አየ። በዝግታ ሄዶ ከአሮጌው ጎማ ላይ ተቀመጠ። ቀያሹ ወርደው ከመኪናው ኋላ የሚለካ ነገር ፍለጋ ገቡ፤ ጨዋ ሰው ናቸው።

«ስታጉተመትም የሰነበትከው ምንድነው?» አለኝ። «ከንፈርህ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ግን ታቀረቅራለህ፣ አላነበው ነገር።»

ቀና ብዬ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ጮህኩ። «ሥራ አግኝቻለሁ! ሌላ ቦታ! ልሄድ ነው፣ ፈቃድህን ነው የምለምንህ!»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ቅባት የጠገበ እጁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ሲያየው ቆየ።

«ስለ ጆሮዬ ሐኪሙ ነግሮኝ ነበር» አለ። «ከዚህ ጩኸት ውስጥ ውጣ፣ አለዚያ የቀረህም ይሄዳል አለኝ። ሁለት ዓመት አለፈው።»

«ታዲያ ለምን አልዘጋኸውም?»

«አንተስ የት ትገባለህ? ከዚህ ሌላ የምታውቀው የለህ። ወንድሜ ይቁም እንጂ፣ ራሱን ይቻል እንጂ፣ ያኔ እዘጋዋለሁ አልኩ።»

ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ግን አፌ ቀደመኝ። «እነዚህ ሰዎች አምናም ጠርተውኝ ነበር» አልኩት። «ጋሼን ምን ብዬ ጥዬው ብዬ ተውኩት።»

«አምና?»

«አምና።»

ዝም አለ። ያ የማውቀው የቅያሜ ዝምታ አልነበረም፤ የሚያሰላ ሰው ዝምታ ነበር።

«አምና እኮ ደህና ይሰማኝ ነበር» አለ። «የልጆችህን ድምፅ እለይ ነበር።»

ምን ይባላል? እኔ ወገቤን እየያዝኩ ለእሱ ስል ቆየሁ፣ እሱ ጆሮውን እየገበረ ለእኔ ሲል ቆየ። አንዳችንም ሌላውን አልጠየቅን። እግሩ ሥር ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ጋሼ ስለማይሰማኝ ድምፄን አልቀነስኩም። መንቀጥቀጤን በእግሩ በኩል አወቀው መሰለኝ ጭንቅላቴን ደባበሰኝ።

«በል ሂድ። ይቅናህ» አለኝ። «እኔም ሰኞ እዘጋዋለሁ።»

የለመንኩትን አገኘሁ። ይዤው ግን አልተነሳሁም።

ቀያሹ ከወዲያ ሆነው «ላስነሳው?» አሉ። በእጄ አዎ አልኳቸው። መኪናይቱ ተነቃነቀች፣ ጭሱ ወጣ። ጋሼ ሞተሩን አላየም፣ እኔን አየ።

«ድምፁ እንዴት ነው?» አለኝ።

አንገቴን ቀና አደረግኩና አንድ በአንድ ነገርኩት።