ወለድ የሌለው ብድር

የውቢት ዕዳ ሦስት ቦታ ነበር፤ ሦስቱንም እንደ ሰው በጠባያቸው ለይታ ታውቃቸዋለች። አንዱ ቁጡ ነው፤ የደባርቁ አራጣ አበዳሪ የአሻግሬ ገንዘብ። የባሏን የያርጋልን ተዝካር ለማውጣት የወሰደችው ሲሆን በየወሩ ይወልዳል። አሻግሬም በገበያ ቀን ከመንገድ ዳር ቆሞ ሰላምታ በሚመስል ነገር ያስታውሳታል። ሁለተኛው ዝምተኛ ነው፤ ከጎረቤቷ ከእትዬ ዓለምዬ የተበደረችው ገብስ። ገብስ በገብስ ይመለሳል፣ ሌላ ጣጣ የለውም። ሦስተኛው ደግሞ፣ እሷ እንደምትለው ከሆነ፣ ደግ ነው። ያርጋል ጎንደር ሄዶ ሲታከም የአጎቱ ልጅ ቻላቸው ገንዘብ አምጥቶ ሰጣቸውና ከምንጩ ሥር ያለችውን ማሳ በወለድ አገድ ያዘ።

ወለድ አገድ በዳባትና በደባርቅ መካከል ባለው በዚያ አገር የቆየ ልማድ ነው። ገንዘብ የሰጠ ሰው ማሳውን እያረሰ ይበላል፤ ተበዳሪው ገንዘቡን የመለሰ ዕለት ማሳው ይፈታል። ቀን አይቆረጥለትም፣ ወለድም አይታሰብበትም። ታዲያ አራጣ አበዳሪን የሚረግም አፍ ሁሉ በወለድ አገድ የያዘለትን ይመርቃል። ውቢትም ትመርቅ ነበር። ቻላቸው በየዓመቱ ለገና ከዚያችው ማሳ አንድ ጆንያ ገብስ አስጭኖ ይመጣል። ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል «ተይ እንጂ! ዘመድ አይደለሁም ወይ?» ብሎ ያነሣታል። የመንደሩም ሰው «ዘመድስ እንዲህ ነው» ይላል።

የቀረቻት ከቤት ጀርባ ያለችው ማሳ ነበረች። በዚያ አገር ሴት በሬ አትጠምድም፤ ስለዚህ ለሰው በእኩል ታሳርሳታለች። አራሹ ግማሹን ወስዶ የሚተርፋት ግማሽ ወይ ቤቷን ይመግባል ወይ አሻግሬን ይመግባል እንጂ ሁለቱን አይችልም።

የካቲት ላይ፣ ጾሙ እንደገባ፣ መስከረም የምትባል ወጣት ደባርቅ ካለ አንድ የብድርና ቁጠባ ማኅበር መጥታ የመንደሩን ሴቶች ሰበሰበች። «ዕዳችሁ እዚህም እዚያም ተበታትኖ ከሚበላችሁ፣ ሰብስባችሁ አንድ አድርጉት» አለች። «ከእኛ ውሰዱና ሌላውን ሁሉ ዝጉ። ወለዳችን ከአራጣ በጣም ያንሳል። አዝመራ በገባ ቁጥር ለአንድ ቦታ ብቻ ትከፍላላችሁ።» ዋስትናው በቡድን ነው፤ አምስት ሴቶች አንዳቸው ለአንዳቸው ዋስ ይሆናሉ፣ አንዷ ብታጎድል አራቱ ይሞላሉ። ውቢት ስሟን አስመዘገበች።

ወሬው ቻላቸው ዘንድ ለመድረስ ብዙ አልቆየም። መጥቶ ደጇ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጠ።

«እኔ ዘመድሽ በቁሜ ሳለሁ፣ ባዳ ወረቀት ላይ ልትፈርሚ ነው አሉ» አላት።

«አሻግሬ መፈናፈኛ ነሣኝ ወንድሜ። ምን ላድርግ?»

«አሻግሬን ለእኔ ተይው። እኔ እዘጋልሻለሁ። የእትዬ ዓለምዬንም ገብስ እኔ እመልሳለሁ። ዕዳሽ ሁሉ በእኔ እጅ ይጠቃለል። ያቺን የቤት ጀርባዋን ማሳም ከምንጯ ጋር ደርቤ እይዝልሻለሁ። ወለድ የለው፣ ቀን የለው። እግዜር የሰጠሽ ዕለት ትመልሻለሽ።»

ውቢት አለቀሰች። ያርጋል ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ቀን ቀልሏት አያውቅም ነበር።

ቃል ሰጥቶ መቅረት ነውር ነውና በማግሥቱ በሚኒባስ ደባርቅ ሄዳ ለመስከረም ሐሳቧን መቀየሯን ነገረቻት። መስከረም አልተከፋችም። ስሟን ከመሰረዟ በፊት ብቻ ጥቂት ነገር ጠየቀች።

«አሻግሬ የሚሉት በወር ስንት ያስከፍልዎታል?»

ውቢት ነገረቻት።

«አቶ ቻላቸውስ?»

«እሱማ ወለድ የለውም።»

«ታዲያ ምን ያገኛል?»

«ማሳዋን ያርሳል።»

«ስንት ታፈራለች?»

ውቢት በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። መስከረምም ሌላ ባለጉዳይ ይጠብቃት ስለነበር «እንግዲህ ትንሽ ያስቡበት፣ ስምዎን እስከ ሰኞ አልሰርዘውም» ብላ ሸኘቻት።

ስትመለስ በሚኒባሱ መስኮት በኩል ተቀምጣ ሒሳብ ያዘች። ፊደል ባትቆጥርም ያርጋል ከዚያች ማሳ ስንት ጆንያ እንደሚያስገባ ታውቃለች፤ አቁማዳውን የሰፋችው፣ ጎተራውን የመረገችው እሷ ናት። ምንጭ የምታጠጣ ማሳ ናት፤ ገብሱ ሲነሣ ድንች ይገባባታል። ቻላቸው በያዛት ዓመታት የበላውን በደባርቅ ገበያ ዋጋ አሰበችው። አላመነችም። እንደገና አሰበችው። የሰጣቸውን ገንዘብ እጥፉን በልቷል፤ ዋናው ግን እንዳለ ነው። አገር የሚረግመው አሻግሬ እንኳ የዚህን ግማሽ አልወሰደባትም።

ለገና የሚመጣው ጆንያ ትዝ ሲላት ፊቷ ጋለ። ጉልበት ልትስም የተደፋችው በገዛ ገብሷ ነው! ተናደደች፤ ቀጥሎም ንዴቷ የሚያርፍበት ሰው አጣች። ቻላቸው ቀማኛ አይደለም። ያርጋል ሲያቃስት ሌላው ዘመድ በሌላ መንገድ ሲያልፍ እሱ ነው ገንዘብ ይዞ የመጣው። ያደረገውም አባቶቹ ያደረጉትን ነው። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል ይባላል፤ እሷና ያርጋልም ማሳዋን የሰቀሏት እሱ አልጋ ላይ ሳለ ነበር። አሁን ሁለተኛዋን ማሳ ደግሞ ብትሰቅል፣ የሚቀራት የቆመችበት ደጅ ነው።

ከሚኒባሱ እንደወረደች ቤቷ ሳትገባ ወደ እትዬ ዓለምዬ ሄደች። እትዬ ዓለምዬ እንደ እሷው ባል የሞተባቸው፣ ምላሳቸው የማያረጅ አሮጊት ናቸው። ነገሩን ሁሉ ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ሲባል አልሰማሽም? ሰው ሸክሙን ይበትናል፣ አንቺ የተበተነውን ልትለቅሚ ነው!»

«ሁለቱን ነው የምለቅመው እትዬ። የአሻግሬንና የቻላቸውን።»

«የእኔስ ገብስ?»

«እሱንም ጨምሬ ልከፍልዎት ነበር…»

«እሰይ! ወለድ የማይበላውን ወለድ በሚበላ ገንዘብ? ምን በደልኩሽ? ገብስ ሰጠሁሽ፣ ገብስ ያገኘሽ ጊዜ ትሰጪኛለሽ። ከዚያ አታግቢኝ።»

ውቢት የመጣችበትን ተናገረች። «ዋስ ይሁኑኝ።»

አሮጊቷ ወደ በረታቸው አዩ። «ያለችኝ አንዲት ጊደር ናት።»

«አውቃለሁ።»

«ብታጎድዪ የምትነዳው እሷ ናት።»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«እንግዲያው አታጉድዪ» አሉ እትዬ ዓለምዬ፣ ተነሥተውም ሌሎቹን ሦስት ሴቶች ለማነጋገር ነጠላቸውን አጣፉ።

ገንዘቡ መጋቢት ላይ ወጣ። አሻግሬ የምትታለብ ላም እንደተሸጠችበት ሰው እየከፋው ተቀበለ። የቀረው የቻላቸው ነበር፤ እሱ ላይ ግን ልማድ አለ። ወለድ አገድ የሚፈታው ማሳው ሳይታረስ፣ ጾሙን ሳለ ነው። ማረሻ ከነካው የለፋ ሰው አይነቀልም፤ እስከ አዝመራ ይጠበቃል። ውቢት ይህን ታውቃለች፣ ግን አልቸኮለችም፤ ድንቹ ተነሥቷል፣ ምንጩም በበጋው ደርቋል፤ በዚያ አገር ሰው ዝናብ ሳይጥል በሬ አይጠምድም።

ቻላቸው ግን ገንዘቡ መውጣቱን ሰምቶ ጠመደ። ለአሻግሬ ከፍላ ከደባርቅ ስትመለስ የምንጯን ማሳ ከዳር እስከ ዳር ተገልብጣ አገኘቻት። ደረቅ አፈር ነው፤ ጓሉ የሰው ጭንቅላት ያህላል። በሬዎቹ ምን ያህል እንደተሠቃዩ ከጓሉ ይታያል። ውቢት ማሳው ዳር ቆማ እንደገና ሒሳብ ያዘች። ዓመት ብትጠብቅ የማኅበሩ ወለድ በተቀመጠ ገንዘብ ላይ ይቆጠራል፤ የመክፈያው ቀን ሲደርስም ከዚህች ማሳ አንዲት ፍሬ እጇ አይገባም። ያኔ የእትዬ ዓለምዬ ጊደር ትነዳለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉዳዩን ለቄስ ወልደ ሩፋኤልና ለሽማግሌዎቹ አቀረበች። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ዛፉ ሥር ተቀመጡ። ገንዘቡን በመቀነቷ ቋጥራ ይዛለች።

«ገንዘብ አልጠላሁም» አለ ቻላቸው ረጋ ብሎ። «ዘመዴ ናት፤ የዓመት ሰው ይበለን፣ ከአዝመራ በኋላ እቀበላታለሁ። የታረሰ ግን አይፈታም። ልማዱን እኔ አላመጣሁትም።»

ቄስ ወልደ ሩፋኤል መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አኖሩ። ያለ ዝናብ የታረሰው ለምን እንደሆነ ያልገባው ሰው አልነበረም። «ልጄ፣ እውነቱን ነው» አሏት በመጨረሻ። «የለፋ ሰው ልፋቱን አይነጠቅም።»

«እኔም አልነጥቀውም አባቴ» አለች ውቢት። «ያረሰ ይዝራ፣ የዘራ ይጨድ። ከማሳው ውጣልኝ አላልኩትም። ዋናውን ዛሬ በፊታችሁ ይቀበለኝና ከዛሬ ጀምሮ በእኩል ያርሳት። እኔ በሬ አልጠምድ፤ ለሰው መስጠቴ ካልቀረ ከዘመድ የተሻለ ማን አለኝ?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳል ያዘው፤ ሳል ይሁን ሳቅ አልታወቀም።

ቄሱ ቀና አሉ። «ልፋቱ አልተነካ፣ ልማዱም አልተነካ። ምን ትላለህ ቻላቸው?»

ቻላቸው ወደ ሽማግሌዎቹ አየ። እምቢ ቢል ሙሉውን ካልበላሁ ማለቱ ነው፤ ያንን ደግሞ በዘመድነቱ ሲመረቅ የኖረ ሰው በካህን ፊት አይለውም። ውቢት መቀነቷን ፈትታ ገንዘቡን በሁለት እጇ ሰጠችው። ተቀበለ። አንድ ጊዜ ቆጠረ፣ ሁለተኛ ቆጠረ፣ ኪሱ ከተተ።

«ዘሩን ማን ያወጣል?» አለ ቀና ሳይል።

ይህን የሚጠይቅ እኩል አራሽ ነው፤ የሚጠየቀውም ባለ ማሳ።

«አንተ ግማሽ፣ እኔ ግማሽ» አለች ውቢት።