ጀርባውን የማይሰጥ ዘንዶ

ወጣቱ ስጦታው ቢቸና ተቀምጦ ብቻውን የሠራው የስልክ ጨዋታ በዓለም ላይ አንድ ተጫዋች ብቻ ነበረው፤ ሞጣ ላይ ክርና ቁልፍ የሚሸጡት አክስቱ፣ እትዬ ፈንታነሽ።

ጨዋታው የዓባይን በረሃ አውሬዎች እያላመዱ መሰብሰብ ነው። ነብሩን፣ ንስሩን፣ ጃርቷን አስከትለው ቁልቁል ሲወርዱ ከድልድዩ ሥር ዘንዶው ይጠብቃል። እሱን ያሸነፈ ጨዋታውን ጨረሰ። ግን ከስጦታው በቀር ያሸነፈው የለም፤ እሱም ቢሆን የዘንዶውን ተንኮል ሁሉ ራሱ ስለፈጠረው ነው።

አንድ ቅዳሜ አክስቱ ደወሉ። ዛሬም ውጦኛል አሉ፤ ካላስተካከልከው ከስልኬ አጠፋዋለሁ፣ ዕድሜ ልኬን ዘንዶ ሲያላምጠኝ ልኖር ነው እንዴ። ስጦታው ደነገጠ። ብቻውን ሲያልመው የኖረው አገር ውስጥ ደፍረው የገቡ እሳቸው ብቻ ናቸው። ላፕቶፑን አንጠልጥሎ ሞጣ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረ።

ሱቃቸው ውስጥ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ሲጫወቱ አየ። መጀመሪያ ያላመዷትን፣ ቁንጮ ብለው ስም ያወጡላትን ትንሽ ጃርት እስከ ዘንዶው ድረስ ይዘዋት ወርደዋል። ጃርት ለመነሻው መንገድ እንጂ ለዘንዶ እንዳልተሠራች፣ በእሷ ቦታ አዞውን ቢያስገቡ እንደሚሻል በትሕትና አስረዳቸው።

“ቁንጮን ጥዬ?” አሉ ከመነጽራቸው በላይ እያዩት። “አዞህን እዚያው ዓባይህ ውስጥ አስቀምጥልኝ።”

እሺ ብሎ የዘንዶውን ጉልበት ቀነሰው። አሁን ነብራቸው አንዴ ቢቧጭረው ዘንዶው ተዘረረ። እትዬ ፈንታነሽ ግን ታሞ ነው ወይ ብለው ጠየቁ፤ በሽተኛ መግደል ነውር ነው፣ አድነው አሉት። ከፍ ሲያደርገው ይውጣቸዋል፣ ዝቅ ሲያደርገው ያፍራሉ። በመጨረሻ ስልኩን አስቀመጡና በጥምቀት ጉግስ አይቶ እንደሆነ ጠየቁት። አይቷል፤ ከሰው ራቅ ብሎ ቢሆንም።

“ታዲያ የሚያሳድደው ፈረሰኛ ሲያሳድድ ብቻ ይውላል? ተራው ሲደርስ ዞሮ ጀርባውን ይሰጣል። ያንተ ዘንዶ ጀርባ የለውም፣ ልጄ።”

ስጦታው ሳቀ። እውነትም ጀርባውን አልሣለለትም ነበር።

ጉልበቱን እንዳለ መለሰለት። ነገር ግን እሳቱን ተፍቶ ሲጨርስ ትንፋሽ ሊሰበስብ እንዲዞር፣ ሲዞርም ቅርፊት የሌለው ማጅራቱ እንዲታይ አደረገ። እትዬ ፈንታነሽ መነጽራቸውን ጠርገው ገቡ። ነብሩ ወደቀ። ንስሩም ወደቀ። ክር ልትገዛ የመጣች ሴት ከባንኮኒው ማዶ አንገቷን አስግጋ ታያለች፤ ባለሱቋ አላዩአትም። ቁንጮ በቋፍ ላይ ካለች ነፍሷ ጋር ብቻዋን ቀረች። ዘንዶው እሳቱን ተፋ፤ ተጠቅልላ ዳነች። ዘንዶው ዞረ። ያን ጊዜ እሾኋ ተወረወረ።

የእትዬ ፈንታነሽ እልልታ ጎረቤት ያለውን ልብስ ሰፊ መቀሱን እንደያዘ አወጣው። ስጦታው የሚገባበት ጠፋው፤ አክስቱ ግን ክንዱን ይዘው ወደ ሴትየዋ አዞሩት።

“የወንድሜ ልጅ ነው። እሱ ነው የሠራው።”

ሴትየዋ ክሯን ረስታ ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። “የእኔ ስልክስ ይችለዋል?” አለችው።

ስጦታው ስልኩን በሁለት እጁ ተቀበላት።