አዝራሩ ብቻ ነው የቀረው

ልብስ ሰፊ አይዋሽም። ልብስ ሰፊ «ነገ» ይላል። ልዩነቱ ሰፊ ላልሆነ ሰው አይገባውም፤ ስለዚህ አልፈርድበትም። ደንበኛ በር ላይ ብቅ ሲል «ነገ ይደርሳል» ማለት ለእኛ ከሰላምታ አይለይም። ሰውየው ቆጣ ካለ ደግሞ «ኧረ አልቋል፣ አዝራሩ ብቻ ነው የቀረው!» እንለዋለን። አዝራሩ ብቻ ቀረ ማለት በእኛ ሙያ ጨርቁ ገና መቀስ አላየም ማለት ነው። እኔ ሃያ አራት ዓመት የስፌት መኪና ላይ ተቀምጫለሁ፤ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ የሚቀረኝ አዝራር ብቻ ነው።

በዚህ ላይ አስተማሪ ነኝ። ረቡዕ ረቡዕ አመሻሹ ላይ ዐሥራ አንድ፣ ዐሥራ ሁለት ሰዎች ሆነን ከስፌት ቤቱ ጀርባ ባለው ሳሎናችን ውስጥ የእግዚአብሔርን ቃል እናጠናለን። መሪው እኔ ነኝ። አንደበቴ የተፈታ ነው ይላሉ። ባለቤቴም ትስማማለች፤ «ምነው እጅህም እንደ አፍህ በፈጠነ» ትላለች።

አንድ ረቡዕ ርእሳችን የክርስቲያን አነጋገር ነበር። ጌታ ቃላችን አዎን ከሆነ አዎን፣ አይደለም ከሆነ አይደለም እንዲሆን ማስተማሩን አንስቼ እንደ ጉድ ሰበክሁ። የነጋዴን ውሸት ዘለፍሁ። ደላላውን ዘለፍሁ። መጣሁ ብሎ የሚቀረውን የቧንቧ ሠራተኛ እንኳ አልማርሁትም። ሰው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ሲሰማኝ ጊዜ ልቤ አበጠና «ጥያቄ ያለው?» አልሁ።

ጡረተኛው መምህር እጃቸውን አወጡ።

«ወንድሜ፣ ትምህርቱ ደኅና ገብቶኛል» አሉ በዚያ ዝግ ባለ ድምፃቸው። «አንድ ነገር ብቻ ግራ ገባኝ። ካፖርቴን እንድትሰፋልኝ ጨርቁን የሰጠሁህ ከአምስት ወር በፊት ነው። በመጣሁ ቁጥር ‹ነገ› ትለኛለህ። ይሄ ‹ነገ› የምትለው ነገር ከአዎን ነው የሚመደበው ወይስ ከአይደለም?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባለቤቴ ፊቷን በትሪ ሸፍና ወደ ጓዳ ገባች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን አይቻታለሁ። እኔ ደሜ ፈላ። ከወንበሬ ተነስቼ «እሺ! ከዛሬ ጀምሮ ለማንም ሰው የውሸት ቀን አልሰጥም፤ እምላለሁ!» አልሁ።

«መሐላም ተከልክሏል» አሉ መምህሩ። «አሁን ካነበብክልን ከፍ ብሎ ነው ያለው።»

እንግዲያው ሳልምል ቃል ገባሁ።

ሐሙስ ጠዋት የመጀመሪያዋ ደንበኛ የሰፈራችን ነርስ ነበረች፤ ጨርቋን በብብቷ ይዛ ገባች። «መቼ ይደርስልኛል?» አለችኝ። መደርደሪያው ላይ ያለውን ሥራ አንድ በአንድ ቆጥሬ፣ የምታመምበትን ቀን እንኳ አስቤ፣ «በሃያ ሦስት ቀን» አልኋት።

«ሃያ ሦስት!» አለች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ። «እርስዎ ነገ ሲሉ እኮ ሁለት ሳምንት ነው። ሃያ ሦስት ቀን ካሉማ ልጄ ትዳርበታለች!»

«የለም እህቴ፣ እውነቴን ነው።»

«እሱ ነው እኮ ያስፈራኝ» ብላ ጨርቋን አንስታ መንገዱን ተሻገረች። ከመንገዱ ማዶ ባለከረባቱ ሰፊ አለ። ስፌት ላይ ሲቀመጥ እንኳ ከረባት ያስራል፤ ክሩና ከረባቱ እየተጠላለፉበት በመቀስ ሲለያያቸው በመስኮት አየዋለሁ። ነርሷ እንደ ገባች ብድግ ብሎ ወንበር ሳበላት። ያለ ጥርጥር «ነገ» ብሏታል።

ከሰዓት የሰፈራችን ባለሆቴል ለልክ መጣ። ኮቱን ለብሶ መስታወት ፊት ዞር ዞር አለና «ወፍራም አስመሰለኝ እንዴ?» ሲለኝ፣ «ጌታዬ፣ ኮቱ ምን ያድርግ?» አልሁት። ባለቤቴ እግሬን ረገጠችኝ። ሰውየው ኮቱን አውልቆ ሲወጣ ተራዋን ጠብቃ ወረደችብኝ።

«እውነትን በፍቅር ነው የተባለው፤ አንተ ፍቅሩን የት ጣልከው?»

«ጠየቀኝ፣ መለስሁ!»

«አንተ ሰውዬ፣ ስትዋሽ ሰው ትወድ ነበር እኮ።»

ይህቺ ንግግር አስከፋችኝ፤ እውነት ስለሆነች ደግሞ የባሰ አስከፋችኝ። ሃያ አራት ዓመት የዋሸሁት ሰው ለማታለል አልነበረም። ፊት ለፊቴ የቆመ ሰው ሲያዝን ማየት አልችልም። ዛሬ ፈገግ ብሎ ይሂድልኝ፣ ለነገው ነገ ያስባል ብዬ ነው። ይህችኑም ከቃሉ አስጠግቻት እኖር ነበር።

ዓርብ ዕለት ነገሩ ጎርፍ ሆነ። «ሰውየው ቀን መቁጠር ጀምሯል» የሚል ወሬ ሰፈሩን አዳርሶ ነባር ደንበኞቼ ሳይቀሩ ጨርቃቸውን እየጎተቱ ማዶ ተሻገሩ። ባለከረባቱ በመስኮት በሜትሩ እጅ ነሳኝ። እኔም በጥርሴ ሳቅሁለት።

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ መጥረጊያውን ይዛ ፊቴ ቆመች። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ። የሰው ልብስ ቀን ስትቆጥር ሰነበትክ። የልጅህን ቀሚስስ ቆጠርከው?»

እጄ መኪናው ላይ ቀረ። አንዲት ልጅ ናት ያለችን፤ ሠርጓ የሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። ከልጅነቷ ጀምራ «የሙሽራ ቀሚሴን አባዬ ነው የሚሰፋልኝ» ስትል ያደገች ልጅ ናት። ጨርቁን ከሦስት ወር በፊት አምጥታ ከሰጠችኝ በኋላ በየሳምንቱ ብቅ እያለች ትጠይቀኝ ነበር፤ በየሳምንቱም «ነገ፣ የኔ እናት» እላት ነበር። ላለፈው አንድ ወር ግን ጥያቄውን ተወችው። እኔ ጅሉ ታግሳኝ መስሎኝ ለጥናቱ ሰዎች ሳይቀር የትዕግሥት ምሳሌ አድርጌ አቅርቤያታለሁ።

«ዛሬውኑ እቆርጠዋለሁ፤ እሷንም ጠርቼ እውነቱን እነግራታለሁ» ብዬ ቁም ሳጥኑን ከፈትሁ። ጨርቁ የለም። በቦታው አሮጌ መጋረጃ ታጥፎ ተቀምጧል።

ባለቤቴ መጥረጊያውን ተደግፋ መሬት መሬት አየች። «ከወር በፊት ወሰደችው» አለችኝ። «ለባለከረባቱ ሰጠችው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅጡ አላስታውስም። ደጅ ወጥቼ መንገዱ ዳር ስደርስ እጄ ላይ ትልቁ የጨርቅ መቀስ ነበር፤ ማንሳቴን አላወቅሁም። ሰዎች ገለል ገለል አሉልኝ። ሰው ለቁጣ የዘገየ ይሁን እንደተባለ አውቃለሁ፤ እኔም ዘግይቻለሁ፣ የዘገየሁት ግን የጭነት መኪና መንገዱን ስለዘጋብኝ ነው። መኪናው ሲያልፍ ተሻገርሁ።

ባለከረባቱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል። እጁ ሥራ ስለያዘ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ድምፁን ለቆታል።

«ምን ሆነሻል የኔ እህት? አልቋል እኮ! አዝራሩ ብቻ ነው የቀረው። ሰኞ ነይ።»

«ቀሚሱ አዝራር የለውም እኮ» አለ ከስልኩ ውስጥ የልጄ ድምፅ። «ዚፕ ነው።»

«እሱን ማለቴ ነው!»

በምድር ላይ ያ ዐረፍተ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም።  ባለከረባቱ ዞር ሲል አየኝ፤ መቀሱንም አየው። ስልኩን ዘግቶ ወደ ግድግዳው ተጠጋ።

«ወንድሜ፣ በመቀስ አይሆንም። እንነጋገር።»

«ጨርቁ የታለ?»

ከልብሱ ክምር ሥር ጎትቶ አወጣው። ልጄ በጠቀለለችበት ወረቀት እንደተጠቀለለ ነው። «በዚህ ሳምንት ልጀምረው ነበር» አለኝ ከረባቱን እያላላ። «ከሐሙስ ወዲህ ግን ደንበኞችህ ወረሩኝ። ምን ብለሃቸው ነው?»

«እውነቱን።»

«ኧረ! ምን አስጨከነህ?»

«ውሸታም!» የምትለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሳለች። ግን ዙሪያዬን አየሁ። በነገ ተስፋ የተከመሩ ኮቶች፣ እጅጌ አልባ ሸሚዞች፣ አንድ እግር ብቻ ያለው ሱሪ። የእኔው ቤት ነው፤ ከረባት ጨመረ እንጂ። የወንድሜን ጉድፍ ላወጣ ተሻግሬ የራሴን ግንድ ማዶ ትቼው አልመጣሁም። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ።

«መልሰህ ደውልላት» አልሁት። «እውነቱን ንገራት።»

«ምን ብዬ?»

«‹አልጀመርኩትም› በል።»

«አል...» አለና ላቡን ጠረገ። «በሥራዬ ዘመን ብዬው አላውቅም እኮ። ‹አዝራሩ ገና ነው› ብል አይበቃም?»

«አይበቃም።»

ሦስት ጊዜ ለእኔ እንዲለው አለማመድሁትና ደወለ። «እህቴ» አለ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ቀሚስሽን አልጀመርኩትም። ጨርቁ አልተቆረጠም።»

 

«እሺ» አለች። ድምፅዋ ቀጥኗል። «እግዜር ይስጥህ፣ ከነገርከኝም። አደራህን ግን ለአባዬ እንዳትነግረው። ለአንተ መስጠቴን ካወቀ ልቡ ይሰበራል። ‹ነገ› ሲለኝ እኮ ፊቴን አያየኝም፤ ያፍራል። እንዳያፍር ብዬ ነው መጠየቅ የተውኩት።»

 አስተማሪው እኔ ነኝ፤ ነውሬን ስትሸፍንልኝ የከረመችው ግን ልጄ ናት። ስልኩን ከጠረጴዛው አነሳሁት።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ።»

«...አባዬ?»

«ጨርቁ እጄ ላይ ነው። እኔም ቤት በነበረበት ጊዜ አልቆረጥኩትም፤ ሁለት ወር ሙሉ ዋሸሁሽ። ይቅር በይኝ። ዛሬ እቆርጠዋለሁ። ሐሙስ ከሰዓት ዐሥር ሰዓት ላይ ይደርሳል።»

 እሷም በጣም በትሕትና፣ እንዳይከፋኝ እየተጠነቀቀች፣ «አባዬ፣ የትኛው ሐሙስ?» አለችኝ።

ባለከረባቱ ሳቁ አመለጠው። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ያን ሳምንት የሠራሁትን ያህል ሠርቼ አላውቅም። እንደ ዕድል ደንበኛ የሚባል አልቀረኝም፤ እውነት ሰፊ ጊዜ ሰጥታኛለች። ልጄ ሥራ ላይ ስለነበረች ቀሚሱን እናቷ ላይ እየለካሁ ነበር የሰፋሁት፤ ቁመታቸው አንድ ነው። ስለ ወገባቸው ባለቤቴ ስትጠይቀኝ እውነትን በፍቅር ያዝሁ። ማክሰኞ ዕለት ጡረተኛው መምህር ስለ ካፖርታቸው መጡ። «አልጀመርኩትም። ከሠርጉ በኋላ ባለው ሁለተኛ ሳምንት፣ ረቡዕ» አልኋቸው። «እንግዲህ ገባኝ» አሉ ባርኔጣቸውን እያነሱ፤ «ከአይደለም ነው የሚመደበው።»

ረቡዕ ባለከረባቱ ከረባቱን አውልቆ መጣ። «እጅጌውን እኔ ልስፋው፤ ልካስህ» አለኝ። ልከለክለው አስቤ ነበር። ግን ቃል ገብቻለሁና «ግባ፤ በእጅጌ ትበልጠኛለህ» አልሁት። ይህቺን ሦስት ቃል ለማውጣት ከቀሚሱ ሁሉ የበለጠ ለፋሁ። እሱም በደስታ ብዛት ሁለት መርፌ ሰበረ።

ሐሙስ ከዐሥር ሰዓት በፊት ቀሚሱ ተተኩሶ ተሰቀለ። ከዐሥር ሰዓት በኋላ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ልጄ ገባች። ትልቅ ከረጢት ይዛ ነበር፤ ቀሚሱን ስታየው ከረጢቱን ቶሎ ወንበር ሥር ገፋችውና አፏን በእጇ ያዘች። ከመጋረጃው ኋላ ለብሳው ስትወጣ እናቷ ማልቀስ ጀመረች። ባለከረባቱ እጅጌውን ብቻ ነው የሚያየው። እኔ የማይበትን አላውቅም።

«አባዬ» አለችኝ መስታወቱ ውስጥ እያየችኝ፣ «እንደሚደርስ አውቅ ነበር።»

ከወንበሩ ሥር ከረጢቱ አፉን ከፍቷል። የሙሽራ ልብስ አከራይ ቤት ከረጢት ነው። ነጭ ዳንቴል ጫፉን አውጥቶ ያየኛል።

«እኔ ግን አላውቅም ነበር» አልኋት።

የማይበትን አየች። ፊቷ ቀላ። ከዚያ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና በዚያ አዲስ ቀሚስ ላይ እንባዋን አፈሰሰችው። «ይቅር በለኝ፣ ፈርቼ ነው አባዬ። አምኜህ፣ እንደገና ደግሞ ፈርቼ...»

«ደግ አደረግሽ የኔ እናት» አልኋት ጀርባዋን መታ መታ እያደረግሁ። «አንቺን ብሆን እኔም እከራይ ነበር።»