በእረፍት ሰዓት የተሰጠ ምስክርነት

ቃል ከሰው አፍ ከመውጣቱ አስቀድሞ የሚሰማ፣ ዘመንንም በልኩ የሚሰፍር እግዚአብሔር፣ በዚያ ዓርብ በሐይቅ ዳር ባለችው በቫይኮም ከተማ በሲንዱ ሲኒማ ቤት ደጃፍ የሆነውን ሁሉ ያውቃል፤ ሰው የሚያውቀው ከዚያ ጥቂቱን ነው።

ኩርያኮስ ከአዳራሹ ሲወጣ ጆሮው ገና አድናቂዎቹ ከመቱት ከበሮ ድምፅ አልጠራም ነበር፤ የበተኑት ብጥስጣሽ ወረቀትም ትከሻው ላይ ተጣብቋል። ፊልሙ ገና መካከሉ ላይ ደርሶ ለእረፍት መቆሙ ነው። ማይክሮፎንና ስልክ የያዙ ወጣቶች ግን ደጃፉን ሞልተው ይጠባበቃሉ፤ በዚያ አገር የአዲስ ፊልም ወሬ የሚጀመረው ከእረፍቱ ነውና። የመጀመሪያውን ቃል መስጠት ደግሞ የዋናው ተዋናይ አድናቂዎች ማኅበር ሊቀመንበር የሆነው የኩርያኮስ ወግ ነው።

“ጋሼ ኩርያኮስ፣ እንዴት አገኘኸው?”

“ይሄ ይጠየቃል? ከመጀመሪያው ክፍል ይበልጣል። እንዲህ ያለ ነገር በቋንቋችን ተሠርቶ አያውቅም። ትኬት ያልቆረጠ ሰው ኋላ እንዳያማርር።”

ከበሮ መቺዎቹ ቃሉን በምት አጀቡት፤ ወጣቶቹም ወዲያውኑ ለዓለም በተኑት። ኩርያኮስ ይህን ሲል አልዋሸም። እስከዚያ ያየው በእውነት ልቡን ሞልቶት ነበር።

“ቀዛፊው” የተባለው የመጀመሪያው ፊልም በወጣበት ዘመን የሐይቁ ዳር ሰው ሁሉ እንደ ራሱ ታሪክ ተቀብሎት ነበር። በሐይቁ ላይ ጀልባ የሚቀዝፍ አንድ ድኃ መብረቅ ይመታውና የብዙ ሰው ጉልበት ያገኛል፤ ከዚያ ወዲያ ከማዕበልም ከግፈኛም ሰውን ያድናል። ነገር ግን የተወደደው ስለ ጉልበቱ ብቻ አልነበረም። አነጋገሩ የእነርሱ ነው፤ እግሩ ጭቃ ይይዛል፤ አንድ መንደር ካዳነ በኋላ ቤቱ ገብቶ ከእናቱ እጅ ካሳቫና የዓሣ ወጥ ይበላል፤ በማምሸቱም ትቆጣዋለች። የኩርያኮስ ሚስት ሶሳማ በሕይወት ሳለች ከባሏና ከልጇ ጋር ሆና አይታው፣ “ይቺ ሴትዮ ቁጣዬን ሰርቃኛለች” ብላ ስቃ ነበር።

ማኅበሩ የተመሠረተው ያን ጊዜ ነው። በከንቱ የሚጮኹ ሰዎች ስብስብ የመሰላቸው ቢኖሩም፣ አባላቱ ደም ይለግሳሉ፤ ጎርፍ ሲመጣ ጀልባ ይዘው ይወጣሉ። ሶሳማ በዝናቡ ወራት ባረፈች ጊዜ ሣጥኗን ከቤቷ እስከ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን በጭቃ ውስጥ የተሸከሙት እነርሱ ናቸው። የፊተኛውን ጫፍ የያዘው የማኅበሩ ጸሐፊ ሳጂቫን ሲሆን፣ ሃይማኖቱ ሌላ ቢሆንም እስከ መቃብሩ አፋፍ ድረስ ትከሻ አልቀየረም። ከዚያ በኋላም ኩርያኮስ እህል እምቢ ባለው ጊዜ በየምሽቱ ሻይ ቤት እየጠሩ አብረውት የተቀመጡ እነርሱ ናቸው።

ከእረፍቱ በኋላ ፊልሙ ሌላ ሆነ። የወጣበት ገንዘብ ብዛት ወራት ሙሉ የተወራለት ይህ ሁለተኛ ክፍል ጀግናውን ከሐይቁ አንሥቶ በመስታወት ሕንፃዎች መካከል፣ ከሰማይ ከወረደ የብረት ጭራቅ ጋር አታገለው። በዚህ መካከል እናቱ መሞቷን በስልክ ሰማ። ጥቂት ዓይኑን ጨፈነ፤ ስልኩን ዘጋ፤ በረረም። ከዚያ ወዲያ ስሟን የሚያነሣ አልተገኘም። ኩርያኮስ በዚያች ቅጽበት ፊሽካውን አፉ ውስጥ አድርጎ ነበርና ትንፋሽ አጣ። ግራና ቀኙ ሲያፏጭ ግን እርሱም አፏጨ።

ልጁ ትሬሳ በሰገነቱ ላይ ከጓደኞቿ ጋር ተቀምጣ ነበር። የነርስነት ትምህርቷን በሩቅ ከተማ የምትከታተል ስትሆን ለዕረፍት ቤት ከገባች ገና ጥቂት ቀኗ ነው። ፊልሙ አልቆ ሲወጡ አንዱ ወጣት ማይክሮፎኑን ወደ እርሷ ዘረጋ።

“የመጀመሪያው ግማሽ ደስ ይላል፤ እንባዬም መጥቷል” አለች። “ከዛ እናቱ ሞተች፤ ስልኩን ዘጋና በረረ። ማን ቀበራት? ከዛ በኋላ ዓለምን ቢያድን ባያድን ግድ አልሰጠኝም።”

ከኋላዋ አንድ ሰው፣ “የሊቀመንበሩ ልጅ እኮ ናት” አለ። ይህችም ንግግር ከቃሏ ጋር ተቀርጻ ሄደች።

ኩርያኮስ የሚተዳደርበትን ባጃጅ ከተራው ሲያቆም ሌሎቹ ሾፌሮች ስልክ ላይ አጎንብሰው አገኛቸው። ሽማግሌው ዴቫሲያ ቀና አለ።

“ኩርያኮስ፣ ቤትህ ውስጥ ተቃዋሚ ፓርቲ ተቋቋመ አሉ።”

“ምን ሆነ?”

“ልጅህ ፊልሙን ዘርራዋለች። እኔ ግን ልክ ናት ባይ ነኝ። ሁለተኛው ግማሽ ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ፣ ያ የብረት ጎረምሳ ሲወድቅ ነው የባነንኩት።”

“አንተማ ቅዳሴ ላይም ትተኛለህ” አለ ሙራሊ የተባለው የኩርያኮስ ጎረቤት። “የኔ ልጆች አብደውለታል። ትንሹ ከቁም ሣጥን ላይ ካልበረርኩ እያለ እናቱን እያስለቀሳት ነው። ለልጅ የተሠራ ነገር ነው፤ እናንተ ሽማግሌዎች ምን አስገባችሁ?”

“ትኬት የገዛ ሁሉ ይገባል፤ የገባ ሁሉ ደግሞ ይናገራል።”

ይህን እየተባባሉ ሳለ ሳጂቫን ሞተር ብስክሌቱን አቁሞ መጣ፤ ኩርያኮስንም ወደ ዛፉ ሥር ወስዶ ስልኩን አሳየው። የአባትና የልጅ ፊት ጎን ለጎን ተለጥፏል። በአባትየው ሥር “እውነተኛ አድናቂ”፣ በልጅቷ ሥር “የተገዛች” የሚል ተጽፎበታል፤ ከዚያ በታች ያለው አባት ስለ ልጁ ሊያነበው የማይገባ ነበር።

“ከሌላው ተዋናይ ደጋፊዎች ብር በልታ ነው እያሉ ነው” አለ ሳጂቫን። “እኔ እንደዛ አልልም ጋሼ። ልጅቷን አውቃታለሁ። ግን የቀትሩ ትርዒት ላይ እነዛ ልጆች ማይክ ይዘው ይመጣሉ። ትምጣና ‘ቸኩዬ ነው፣ ደግሜ አየዋለሁ’ ትበል። በቃ ይበርዳል።”

“ባትመጣስ?”

ሳጂቫን መሬት መሬት አየ። “ከሌላ ከተማ ያሉ ማኅበራት ከጠዋት ጀምሮ እየደወሉ ነው። ሊቀመንበሩ ቤቱን መግዛት ካቃተው ሌላ ምረጡ እያሉ ነው። እኔ የእናቷን ሣጥን በዚህ ትከሻ ተሸክሜያለሁ። አንተን አውርዶ ሌላ ሰው ማስቀመጥ ለኔ ቀላል ይመስልሃል?”

ሳጂቫን ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ለኩርያኮስ ይቀልለት ነበር። ልጁን ቃሏን እንድትውጥ ካላደረጋት፣ ከሶሳማ ሞት በኋላ ደግፈው ያቆሙትን ሰዎች ያጣል፤ ካደረጋትም ስለ እናት ሞት የተናገረችውን ቃል በገዛ አባቷ ትዕዛዝ በአደባባይ ታጥፋለች።

ቤት ሲደርስ ትሬሳ ኮኮናት እየፋቀች ነበር። ስልኳ በፊቱ ተደፍቷል።

“አየሽው?” አላት።

“አንብቤ ጨርሻለሁ። አንዱ የትምህርት ቤቴን ስም አግኝቶ ለጥፎታል።”

አጠገቧ ተቀምጦ የሳጂቫንን ቃል አንድ በአንድ ነገራት። ሰምታ ስትጨርስ መፋቂያውን አኖረች።

“አንተስ አባዬ፣ ምን ትላለህ?”

“ሳጂቫን ክፉ ሰው አይደለም።”

“እሱን አልጠየቅኩህም።”

“እናትሽን የተሸከሙ ሰዎች ናቸው ትሬሳ።”

“አውቃለሁ። እኔም ከኋላቸው እየሄድኩ ነበር።” እጇን ታጠበች። “ለዛ ስል እመጣለሁ። ቸኩዬ ነው እላለሁ። እኔ ሳምንት ሳይሞላ እሄዳለሁ፤ አንተ ነህ እዚህ የምትኖረው። ሻይ የሚጠጣ ሰው እንዳታጣ።”

ይህ መልስ ኩርያኮስን እምቢ ከማለቷ ይልቅ ከበደው። ልብሷን ለውጣ ወጥታ ባጃጁ ውስጥ ተቀመጠች። ዝናብ ጀምሮ ነበርና የጎኑን ሸራ አወረደላት። የዓሣ ገበያውን አልፈው ወደ ዋናው መንገድ ሲወጡ ከኋላው ጠየቀችው።

“ከመጀመሪያው ይበልጣል ያልከው መቼ ነው?”

“በእረፍቱ።”

“እናትየው ሳትሞት።”

“አዎ።”

“እንደዛ መስሎኝ ነበር” አለች።

በሲኒማ ቤቱ ደጃፍ የጠዋቱ ሁለተኛ ትርዒት ተመልካች እየወጣ፣ የቀትሩ እየገባ ሰው ከሰው ይጋፋ ነበር። ወጣቶቹ ያገኙትን ሁሉ ይጠይቃሉ። አንድ ጡረተኛ መምህር ጃንጥላቸውን እየዘረጉ፣ “ሥራው ያስደንቃል፤ ሰውየውን ግን የት እንደጣሉት አላውቅም” አሉ። እንደ ቀዛፊው ሰማያዊ ካባ የደረበ የኮሌጅ ተማሪ ሳቀባቸው። “የሚበር ሰው ፊልም ላይ ምን ዓይነት ሰው ፈለጉ አባቴ? እኔ ልዝናና ነው የመጣሁት፤ ተዝናናሁ፤ አለቀ።” ከማኅበሩ አባላት አንዱ ደግሞ ዓይኑ ቀልቶ፣ “መጥፎም ቢሆን የኛ ነው፤ ነገም እገባለሁ” ብሎ ማይክሮፎኑን በእጁ ገፍቶ አለፈ።

ሳጂቫን ባያቸው ጊዜ ፊቱ በራ። ለትሬሳ መንገድ አስከፈተላት፤ “አይዞሽ እህቴ፣ አጭር ነው” አላት። ወጣቶቹ ስልኮቻቸውን አነሡ። ትሬሳ ነጠላ ጨርቋን ከራሷ ላይ አስተካክላ ወደ ማይክሮፎኑ ቀረበች።

“ጠዋት የተናገርኩት—” ብላ ጀመረች።

ኩርያኮስ እጁን ዘርግቶ ማይክሮፎኑን ከፊቷ ወደ ራሱ አዞረው።

“ጠዋት እኔም ተናግሬያለሁ” አለ። “ግማሹን አይቼ ስለ ሙሉው መሰከርኩ። ሁላችንም እንደዛ ነው የምናደርገው።”

ወጣቱ ግራ ተጋብቶ አየው። “እና ጋሼ፣ ሁለተኛው ግማሽ እንዴት ነው?”

ከውስጥ የቀትሩ ከበሮ መመታት ጀምሮ ነበር። ኩርያኮስ ሳጂቫንን ተመለከተ፤ ድምፁንም ከፍ አላደረገም።

“እናቱን መቅበር ነበረበት።”

“ፊልሙ መጥፎ ነው ማለትህ ነው?”

“መጥፎ አላልኩም። የወደደው ሰው ይውደደው፤ እኔም የወደድኩት አለኝ። ልጄ ግን እስከ መጨረሻው አይታ ነው የተናገረችው። የሷን ተዉት። የእረፍቱን የኔን ቃል አጥፉት።”

ሳጂቫን ቀርቦ ክንዱን ያዘው፤ በሹክሹክታም፣ “ጋሼ፣ ማታ ኮሚቴው ይሰበሰባል። ምን ልበላቸው?” አለው።

“የሰማኸውን። እኔም እመጣለሁ፤ ውረድ ካሉኝ ተነሥቼ እወርዳለሁ፤ ሻዬን ግን ከእናንተ ጋር ነው የምጠጣው።”

ሳጂቫን ክንዱን ለቀቀ። ወደ ወጣቶቹም ዞሮ፣ “ሰውየው አጥፉት አላችሁ እኮ፤ አጥፉት” አላቸው። አባትና ልጅ ከዝናቡ እየሸሹ ወደ ባጃጁ ሄዱ።

የማያልፈው አምላክ፣ የሰውንም ታሪክ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው የሚያይ፣ ይህን ያነበባችሁትን ሁሉ ከነቤታችሁ ይጠብቃችሁ፤ ልጆቻችሁ በፊታችሁ እውነት ለመናገር የማይፈሩበት፣ ሙታናችሁም በፍቅር የሚታሰቡበት ቤት ያድርግላችሁ፤ አሜን።