አንደኛዋ በአፈር

ፈዲላ ጠርሙሱን ከማሞቂያው አውጥታ ማይክሮስኮፑ ሥር አጋደመችው። ያየችውን ማመን ስላቃታት መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና እንደገና አየች። ሴሎቹ ዛሬም አልያዙም። በጠርሙሱ ወለል ላይ ተለጥፈው መዘርጋት ሲገባቸው፣ ክብ ክብ እንደሆኑ ቀዩ ፈሳሽ ውስጥ ይንሳፈፋሉ። ሲሞቱባት ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው።

ላቦራቶሪው ሐርጌሳ ውስጥ፣ 26 ጁን የሚባለው ሰፈር ነው። በጦርነቱ ጣሪያው ሄዶ ግድግዳው ብቻ የቀረ ቤት ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ቆርቆሮ አለበሱትና የእንስሳት ጤና መመርመሪያ አደረጉት። ፈዲላ የሐረር ልጅ ናት። ደብረ ዘይት የክትባት ሥራ ተምራ እዚህ ስትቀጠር የተሰጣት ኃላፊነት አንድ ብቻ ነው፤ ፍየል የሚፈጀውን በሽታ ክትባት ለመሥራት ቫይረሱ የሚያድግበትን ሴል በሕይወት ማቆየት። በናይትሮጅን ጋን በርዶ ከመጣው አሥራ ሁለት ብልቃጥ አሁን የቀራት አንድ ነው። ኃላፊዋ ኢፍራህ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን ቁርጡን ነግራታለች። እስከ ሐሙስ ሴል ካልያዘ ክፍሉ ከውጭ ለሚገዛ ክትባት ማስቀመጫ ይሆናል፤ ፈዲላም ጓዟን ትሸክፋለች።

ሥራው ለሚያየው ቀላል ነው። ሴል የጠርሙስ ወለል ላይ መዥገር ከብት ላይ እንደሚጣበቅ ተጣብቆ ያድጋል። ወለሉ ሲሞላ ወደ ሌላ ጠርሙስ ካላዛወሩት ተጨናንቆ ይሞታል። የሚያላቅቀው ትሪፕሲን የሚባል ኢንዛይም ነው፤ ሴሉ መስታወቱን የጨበጠበትን ፕሮቲን እየቆራረጠ ያስለቅቀዋል። ታዲያ ይህ ስለት ወዳጅና ጠላት አይለይም። ቶሎ ካነሱት ሴሉ አይላቀቅም፤ ካቆዩት ሴሉን ራሱን ይበላዋል። ፈዲላ ሦስት ደቂቃ በአፏ ትቆጥርና ጠርሙሱን በመዳፏ መታ መታ ታደርገዋለች፤ ሴሎቹ ሲነሱ ከጥጃ ደም የሚወጣ ሴረም ትጨምራለች፤ ሴረሙ ስለቱን ያዶለዱመዋል። ቁጥር ሲጠፋባት ማንም አይቶ አያውቅም።

ስለዚህ መጀመሪያ የጠረጠረችው ባለፈው ወር በዱባይ በኩል የመጣውን አዲሱን ትሪፕሲን ነው። በግማሽ አቀጠነችው፤ ለውጥ የለም። ሴረሙን ቀየረች፣ ውሃውን ሁለቴ አነጠረች፤ አሁንም ለውጥ የለም። ጠርሙሶቹን ለመጠርጠር ግን ልቧ አልደፈረም፤ ጠርሙስ የሚያጥቡት ዳሂር ናቸውና።

ዳሂር ስልሳን ተሻግረዋል። ከተማዋ በአውሮፕላን ስትደበደብ ሸሽተው ድሬዳዋ ገቡና የለስላሳ ፋብሪካ ውስጥ አሥር ዓመት ጠርሙስ አጠቡ። አማርኛቸውም የድሬ ነው፤ ሚኒስትር ቢመጣ «አንተ» ከማለት አይመለሱም። ፈዲላ አዴር ትላቸዋለች፣ በሶማልኛ አጎቴ ማለት ነው። በዚህ አገር በአማርኛ የሚያስቃት ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ላቦራቶሪው የፕላስቲክ ዕቃ የመግዛት አቅም ስለሌለው የመስታወት ጠርሙስ ታጥቦ ተመልሶ ይሠራል፤ የዳሂር ጠርሙስ ደግሞ ከመጣበት ቀን ይልቅ ይጠራል።

ሥራ በጀመሩ ሰሞን፣ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ትሪፕሲኑን አይተው፣ ይህ የምትጨምሪው ነገር ከምን ይመጣል ብለው ጠይቀዋት ነበር። ከአሳማ ቆሽት እንደሚመጣ ታውቃለች። ብነግራቸው ነገ አይመጡም፣ እንዲህ ያለ እጅ ደግሞ ከየት አገኛለሁ ብላ ፈራች። ከከብት ነው አለቻቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ልትመልሰው አልቻለችም። እሷ ጓንት ታጠልቃለች። ዳሂር ግን ጠርሙስን በባዶ እጃቸው ካልዳሰሱት መጥራቱን አያምኑም።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ጨነቃትና፣ ታጥቦ ከመደርደሪያው የተቀመጠ ባዶ ጠርሙስ አንስታ ማይክሮስኮፑ ሥር አደረገችው። ወለሉ ላይ ደቃቅ ቀያይ ቅንጣቶች ፈስሰዋል። ሌላ አነሳች፤ ያው ነው። አፈር ነበር።

ወደ ጓሮ ወጣች። ዳሂር ቧንቧው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው የተነፋ ቀይ አፈር በሳፋ ሙሉ አለ።

«አዴር፣ ይሄ አፈር ምንድነው?»

ዳሂር የያዙትን ጠርሙስ ቀስ ብለው አስቀመጡና ከኪሳቸው በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የትሪፕሲኑ ካርቶን ማስረከቢያ ነበር። እንግሊዝኛ አያነቡም፤ የዱባዩ ነጋዴ ግን በዐረብኛ ጽፎታል። ጣታቸውን አንዲት ቃል ላይ አሳረፉ። ኺንዚር ትላለች፤ አሳማ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ በላቦራቶሪው ደንብ በሳሙናም በአሲድም በተነጠረ ውሃም ካጠቡ በኋላ፣ በሃይማኖታቸው ደንብ ደግሞ ሰባት ጊዜ ያጥቡታል፤ ሰባተኛዋን በአፈር። ከዚያ አንዴ በጀሪካን ውሃ አለቅለቅ ነው። ፈዲላ ለምን እንዳልነገሯት ጠየቀች።

«ያላወቅሽ መስሎኝ ነዋ» አሉ ዳሂር። «ብነግርሽ ሁለት ዓመት የነካሽው ሁሉ ይከነክንሻል። እኔ ካጠራሁት ይበቃል አልኩ።»

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የዳሂር ዝምታ ግን ሦስት ዙር ሴል ፈጅቷል። የፈዲላ ዝምታ የፈጀውን ደግሞ አላህ ይቁጠረው። አሁን አዎ አላወቅኩም ብትል ማን ያውቅባታል? ሰውየው ማምለጫውን ራሳቸው አዘጋጅተው ሰጥተዋታል። ግን እንዲህ ያለ ደግነት ላይ ሁለተኛ ውሸት መጫን ከበዳት።

«አውቅ ነበር፣ አዴር። ያኔ ከከብት ነው ያልኩዎት ውሸቴን ነው። አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ዳሂር እጆቻቸውን ገልብጠው መዳፋቸውን አዩ።

«በነዚህ እጆች ነው የሰገድኩት» አሉና ተነሡ። ሽርጣቸውን አራግፈው፣ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው የሚሄደውን ታክሲ ለመያዝ ወጡ።

ረቡዕ ዳሂር አልመጡም። የመጨረሻው ብልቃጥ ዛሬ ካልቀለጠ ለሐሙስ አይደርስም፤ አንድም ንጹሕ ጠርሙስ ደግሞ የለም። ፈዲላ የዳሂር በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሳፋውን ወደ ጎን ልትገፋው እጇን ሰደደችና መለሰችው። አፈሩን ትታ ብታጥብ ሴሉ ይድንላት ይሆናል፤ ሰውየው ግን ያንን ጠርሙስ ዳግመኛ አይነኩም።

ያኔ ሐረር መድረሳ ሳለች የቀራችው ትዝ አላት። ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ የሚከተሉት የሕግ መንገድ፣ የመዝሀባቸው፣ ሊቃውንት አሳማንም እዚያው ጨምረውታል። ኡስታዛቸው በአርጩሜ እያስፈራሩ የሚያስደግሟቸው ግን ቀጥላ የምትመጣዋን ነበር፤ አንደኛዋ በአፈር። የግድ ሰባተኛዋ አይደለችም። አፈሩ ቢቀድም ስድስቱ ውሃ፣ ከዚያ ሳሙናው፣ አሲዱና የተነጠረው ውሃ ጠራርገው ይወስዱታል። ይህን የመሰለ ቀላል ነገር ለመነጋገር ሁለት ሰዎች አንድ ወር መፈራራት ነበረባቸው።

ጓንቷን አወለቀች። አፈሩን በጥብጣ በባዶ እጇ ጠርሙሱን አሸችው። አንድ። ውሃ ለወጠች። ሁለት። ሦስት። ዳሂር ያን መዳፋቸውን ሲያዩ ፊቷ ላይ እየመጡባት፣ እንባዋ ከውሃው ጋር እየተቀላቀለ ቁጥሩ ጠፋባት። አራት ነው አምስት? እንደ አዲስ ልትጀምር ወደ አፈሩ እጇን ዘረጋች።

«አምስተኛዋ ናት» አለ ከኋላዋ ድምፅ። «አትድገሚ።»

ዳሂር ጀሪካናቸውን ይዘው ቆመዋል። እጀታቸውን ሰብስበው ቁጢጥ አሉና የጨረሰችውን ጠርሙስ ተቀብለው በሳሙና ያዙት። እኩለ ቀን ላይ አሥር ጠርሙስ ታጥቦ፣ በምድጃ ደርቆ ቀዝቅዞ ነበር። ፈዲላ ብልቃጡን በሞቀ ውሃ አቀለጠችና ሴሉን አፈሰሰችው።

ሐሙስ ጠዋት ሴሎቹ ይዘዋል። ኢፍራህ ጎንበስ ብላ አየች፤ ተቃንታ የክፍሉን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ተወችውና ወጣች።

ቅዳሜ ወለሉ ሞላ። ፈዲላ ትሪፕሲኑን ጨመረች፣ ሦስት ደቂቃ ቆጠረች፣ መታ መታ አደረገች፤ ሴሎቹ ተነሡላት። ከበቆሎ የሚሠራውን ትሪፕሲን አዝዛለች፤ እስኪደርስ ሁለት ወር ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ ባዶውን ጠርሙስ ወደ ዳሂር ቅርጫት አትጥለውም። ጓሮ ይዛው ወጣች፤ ሰባቱን ራሷ አጥባ ልታስረክባቸው።

እያጠበች፣ ረቡዕ ጠዋት የት እንደነበሩ ጠየቀቻቸው። ሼኩ ዘንድ ሄጄ ነበር አሉ ዳሂር፤ ሳያውቅ የነካ ሰው ምን ይሆናል ብዬ። ሳያውቅ ከሆነ የለበትም፣ ሶላቱም ሶላት ነው ብለውኛል።

ፈዲላ ቀና ሳትል፣ «እያወቀ የዋሸውስ?» አለች።

ዳሂር ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንስተው አገላብጠው ተመለከቱት።

«ስለሱ አልጠየቅኳቸውም» አሉ። «ስንተኛዋ ላይ ነሽ?»