የኬዛያ ስኪሚንግተን

የወተት ሠራተኛዋ ኬዛያ፣ ታናሽ እህቷ ቲርዛ ፊቷ አባብጦ እሷ ዘንድ ከመጣች ጀምሮ ጥርሷን እንደነከሰች ነው። ደብዳቢው የቲርዛ ባል ጄቤዝ ነው። በእንግሊዝ አገር፣ በዊልትሽር፣ የመንደራቸው ሽማግሌዎች ደግሞ «እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሚስቱን እንመልስለታለን» ብለው ቆርጠዋል።

ኬዛያ አንጥረኛው ኦባዲያ ዘንድ ሄደች። መንደሩን ለስኪሚንግተን፣ ለማዋረጃው ሰልፍ፣ የሚጠራው ቀንደ መለከት ያለው እሱ ቤት ነው።

«ቅዳሜ ንፋልኝ፤ ለጄቤዝ።»

ኦባዲያ ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ ስኪሚንግተን እኮ ሚስቱ ለምትመታው ወንድ ነው! ምስሉን በገለባ ሠርተን አህያ ላይ እናስቀምጥና ድስት በጭልፋ እየደበደብን እናዋርደዋለን። ሚስቱን የመታን ማን አዋርዶ ያውቃል?»

«ስሙ ከየት መጣ፣ ጋሼ ኦባዲያ?»

«ከጭልፋው ነዋ! ስልባቦት ከምትገፍፉበት፣ «ስኪመር» ከምትሉት። አያቶቻችሁ ባሎቻቸውን ይነርቱበት ነበር ይባላል።»

«ታዲያ ጭልፋው የማን ነው? ስሙን ያወጣው የኛ እጅ ነው። ከእንግዲህ አንዲት ሴት ጭልፋ ብታውሳችሁ እኔ ኬዛያ አይደለሁም። በመዶሻህ ተሰለፍ እንግዲህ!»

ኦባዲያ ጺሙን አሸ። ጭልፋ የሌለበት ስኪሚንግተን ባዶ ጫጫታ ነው። «አፍሽ አይጣል! እሺ፣ እነፋለሁ። ለማን እንደሆነ ግን ትንፍሽ አልልም።»

ቅዳሜ ከሰዓት ቀንደ መለከቱ ሲነፋ ጄቤዝ ከመጠጥ ቤት ዘሎ ወጣ።

«ዛሬ ደግሞ የትኛው የሚስት አሽከር ነው?» አለና መጥበሻ ነጥቆ ከፊት ተሰለፈ። ሚስቱን በመደብደቡ የተሰለፉበት ሰው በዚያ አገር ታይቶ አያውቅማ! አህያዋንም ራሱ ይጎትት ጀመር፤ የተቀመጠባትን ገለባ ዞሮ እንኳ አላየውም። የገዛ ደጁ ላይ ሰልፉ ቆመ።

«ምን ገተራችሁ? ቀጥሉ እንጂ!»

«ደርሰናል፣ አያ ጄቤዝ» አለች ኬዛያ።

ዞረ። ገለባው የሱን ኮት ለብሷል፤ ቲርዛ የሸሸች ዕለት ደርባው የወጣችውን። ሴቶቹ ጭልፋቸውን አንሥተው ኮቱን አቧራው እስኪጨስ ወገሩት። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ፤ ስኪሚንግተን ለወጣበት ሰው ማማለድ ማለት በተራው አህያዋ ላይ መውጣት ነው።

ቲርዛ በባሏ አጠገብ አልፋ ገባች። ፍራሿንና ሣጥኗን አውጥታ፣ ገለባውን ከአህያዋ ገፍትራ ጣለችና ጫነች። እሱ መጥበሻውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

ኬዛያ ግን አልጠገበችም። ጆሮው ሥር ጠጋ አለች።

«ልማዱ ሦስት ቀን ነው። ነገም አህያዋን አንተው ትጎትትልናለህ?»